«ንኪው!» ማለት ምን ማለት ነው?

ዛሬ ይህን ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አራት ወር ሆነኝ። ኦቲዝም አለብኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ስናገር ሰው ደንግጦ ያየኛል።

ማሰልጠኛው ልመዘገብ የሄድኩ ቀን ለጸሐፊዋ በግልጽ ነገርኳት። የማይጮህብኝ ሰው እንዲመድቡልኝ ብዬ ነው። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አይ፣ አንቺማ ደህና ነሽ። ኦቲዝም የልጆች አይደል እንዴ?» አለችኝ። ልጆች እኮ ያድጋሉ! ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ጆይ ማዕከልን የከፈተችው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የገቡት ሕጻናት ዛሬ ጺም አውጥተዋል። በየዓመቱ መጋቢት 24 ስለ ኦቲዝም ሲወራ ግን የሚለጠፈው ፎቶ አሁንም የሕጻን ነው። እኔን የምታክል ሴት ታክሲ ውስጥ ጆሮዋን ይዛ ስትቀመጥ «ምን ነካት?» ነው የምትባለው።

ንድፈ ሐሳቡ ለእኔ ሰርግና ምላሽ ነበር። ምልክት፣ መስመር፣ ቅድሚያ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ትራፊክ ፖሊሱ ቁሚ ካለ ትቆሚያለሽ። ግራ የሚያጋባ ነገር የለውም፣ ተጽፏል። ፈተናው ላይ ሁለት ጥያቄ ብቻ ሳትኩ። በነሱም እስከ ዛሬ እከራከራለሁ።

ከዚያ ተግባር መጣ።

መኪናዋ ያረጀች ማንዋል ኮሮላ ናት። አስተማሪዬም ክፉ ሰው አይደለም። ያስቸገረኝ አማርኛው ነው። የመጀመሪያ ቀን «ንኪው!» አለኝ። ምኑን? ግራ ሲገባኝ መሪውን ነካሁት። «ነዳጁን የኔ እናት!» ቀጥሎ «ፍሪሲዮን ልቀቂ» አለኝ፣ የግራውን ፔዳል ማለቱ ነው። ለቀቅኩ። መኪናዋ ዘለለችና ጠፋች። «እንደሱ አይደለም፣ በስሱ!» ታዲያ መጀመሪያውኑ በስሱ አይልም? «ቁረጪ»፣ «መልሺ»፣ «ሰብስቢ»፣ ሁሉም ስለ መሪ መሆናቸውን ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከሁሉ የገደለኝ ግን «ቀስ ብለሽ ቶሎ በይ» ነው። ደብተር ገዝቼ የቃላት ፍቺ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳቀብኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን አዲስ ቃል በወጣው ቁጥር ራሱ «ይቺንም ጻፊያት» ይለኝ ነበር።

ሬድዮውን ግን እንዲዘጋ ማሳመን አልቻልኩም። «ሬድዮ ምን አደረገሽ?» ይላል። ሌላው ሰው የሚፈልገውን ድምፅ መርጦ ይሰማል። እኔ ጋ ሬድዮው፣ የሚኒባሱ ጥሩምባ፣ የረዳቱ «ሜክሲኮ ሜክሲኮ ሜክሲኮ»፣ የዝናብ መጥረጊያው ሲጢጥታ፣ የአስተማሪዬ ትእዛዝ፣ ሁሉም እኩል ይጮኻሉ። «ቁሚ» ያለኝ እሱ ይሁን ጋዜጠኛው ለመለየት አንድ ሰከንድ ያልፋል። አንድ ሰከንድ ደግሞ መንገድ ላይ ብዙ ነው።

የሚገርመው፣ ሰው ሁሉ የሚፈራውን ዳገት እወደዋለሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳንደርስ መንገዱ ቆመ። ኋላዬ ሚኒባስ አንድ ክንድ ላይ ተለጥፏል። አስተማሪዬ መጸለይ ጀመረ። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን በቃሌ ይዤዋለሁ። የእጅ ፍሬን ያዝ። ፍሪሲዮኑን መኪናዋ እስክትንቀጠቀጥ ልቀቅ። ነዳጅ ጨምር። የእጅ ፍሬኑን አውርድ። አንድ ጣት እንኳ ወደ ኋላ አልተንሸራተትንም።

እኔን የሚገድለኝ ሜዳው ነው። ሜክሲኮ። እዚያ ቅድሚያ የሚሰጠው በዓይን ነው! «ዓይኑን እዪው እንጂ!» ይለኛል አስተማሪዬ። የሰው ዓይን ሳይ ሐሳቤ ይበተናል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚሁ ነኝ። መንገዱን ልይ ወይስ ዓይኑን? እሺ፣ አየሁት እንበል። ሹፌሩ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። እለፊ ነው? ገርሞት ነው? እየሰደበኝ ነው? ይህ የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያለው? ጥሩምባውም እንደዚያው ነው። ሰላምታ ጲጵ፣ ምስጋና ጲጵ፣ ዞር በይ ጲጵ፣ ባዶ ወንበር አለኝ ጲጵ። ለሁሉም አንድ ድምፅ!

ሕግ ማክበርም አላዋጣኝም። አምባሳደር አካባቢ ዜብራ ላይ ለአንዲት እናት ቆምኩላቸው። ኋላዬ ያለው መንደር ሁሉ ጥሩምባውን ለቀቀው። አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሴት ናት እኮ!» አለ። (አዎ ነኝ። እና?) እማማ ራሳቸው ግራ ገባቸው። እኔ ቆሜ፣ እሳቸው ቆመው፣ በመጨረሻ «ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ሸኙኝ። አልሄድኩም። ዜብራ ነዋ።

መንገዱም አይረጋልኝም። እኔ የምነዳው በምልክት ነው። ከአራት ኪሎ ስመጣ እዚያች ኬክ ቤት ጋ ፍሬቻ አበራለሁ፣ ከሰማያዊው አጥር አልፌ ወደ ቀኝ እታጠፋለሁ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ገባ። ኬክ ቤቷም የለች፣ አጥሩም የለ። መንገዱ ሰፍቷል፣ እግረኛውም የሚሄድበት አግኝቷል፣ አልክድም። የጭንቅላቴን ካርታ ግን ማንም አላሰፋልኝም። ለወራት አጥንቼው የነበረው መንገድ ነው። አሁን የወንድሜን ቪትዝ እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አውጥቼ እንደገና ከዜሮ እያጠናሁ ነው።

ትናንት ደግሞ ሳልፈልግ መሸብኝ። ስታዲየም ጋ ከመታጠፌ በፊት ከፊት ለፊቴ የመጣው መኪና ረጅም መብራቱን ሁለት ጊዜ ቦግ ቦግ አደረገብኝ። ደብተሬን በሐሳቤ ገለበጥኩ። ወንድሜ «መብራት ካበራልሽ እለፊ ማለት ነው» ብሎኝ ነበር። አስተማሪዬ ደግሞ «መብራት ካበራብሽ እኔ እየመጣሁ ነው፣ እንዳትገቢ ማለት ነው» ብሎኛል። ሁለቱንም ጽፌያቸዋለሁ፣ አንድ ገጽ ላይ።

የቱ ነው ትክክሉ? የምታውቁ ንገሩኝ። እኔ ቆምኩ። እሱም ቆመ።