ማስተካከያ፦ የአፈር ቀለም በሸራ ላይ እንዲጸና

የሽመና ጥለትን መነሻ ያደረገ ረቂቅ ሥዕል በአፈር ቀለም ስለ መሥራት ቀደም ሲል በቀረበው ጽሑፍ «የተነፋውን አፈር በውሃ በጥብጦ መቀባት ይበቃል» የተባለው መታረም አለበት። ውሃ ብቻውን አፈሩን ከሸራው ጋር አያጣብቅም፤ ሲደርቅ ይረግፋል።

አፈሩን በብዙ ውሃ በጥብጡ፤ አሸዋው እስኪዘቅጥ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ድፍርሱን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። በማግስቱ ከላይ የጠለለውን ውሃ ድፉት፤ ቀለሙ ከሥር የቀረው ደቃቅ ጭቃ ነው። አንድ እጅ ጭቃ በአንድ እጅ የአክሪሊክ ማያያዣ (ቀለሙን ከሸራው ጋር የሚያጣብቅ ፈሳሽ) ለውሱና በቁራጭ ሸራ ላይ ሞክሩት። ደርቆ በጣት ሲታሽ ዱቄት ከለቀቀ ማያያዣ ጨምሩ። ማያያዣው ከበዛ ደግሞ ያ ደስ የሚለው የአፈር ድብዝዝነት ይጠፋና እንደ ፕላስቲክ ያብለጨልጫል። ሸክላማ አፈር በወፍራሙ ሲቀባ ስለሚሰነጠቅ በስሱ ደራርቡት።

በዚያው ጽሑፍ ስለ ማያያዣ «የተልባ ዘይትም ይሆናል» የተባለው የሚሠራው አስቀድሞ መከላከያ ቅብ በተቀባ ሸራ ላይ ብቻ ነው፤ ባዶ ጥጥ ውስጥ የሰረገ ዘይት ውሎ አድሮ ክሩን ያደርቀዋል፣ ይሰባብረዋል። ለጥለቱ ቀጥ ያለ ጠርዝ ተለጣፊ ፕላስተር ከለጠፋችሁ በኋላ፣ ቀለሙን ከመቀባታችሁ በፊት ዳሩን ቀለም ባልገባበት ማያያዣ ቀቡት፤ አለዚያ ቀለሙ ከሥሩ ይገባል።