ያው ዳገት፣ ሌላ ወሬ

68 ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት በእግሬ ወደ ቁስቋም እወጣለሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ ስወጣ መንገደኛው ሁሉ «እማማ፣ ለእኛም ይጸልዩልን» ይለኛል። ያንኑ ዳገት ልጄ በገዛልኝ ስኒከር ስወጣው ግን ጉድ ፈላ! «ምን ነካቸው?» ይንሾካሾካሉ። የባጃጁ ልጅ አጠገቤ ቀስ ብሎ «እናቴ ይግቡ፣ በነጻ ላድርስዎት» ይላል። ጨዋ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ግን እኮ አልደከመኝም!

ቤት ስገባ ደግሞ ይብሳል። ባልዲ ላንሳ ስል ምራቴ ትነጥቀኛለች። «ይቀመጡ እንጂ፣ እኛ እያለን?» ሐሜት ፈርታ ነው፤ አማቷን ታሠራለች እንዳትባል። ቡናውም ምሳውም የተቀመጥኩበት ድረስ ይመጣልኛል። በሕማማት ስሰግድ ግን አንድም ሰው «ጉልበትዎን» ብሎኝ አያውቅም!

የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት ያለፈው ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞን የመሰለ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። እንዳይወድቅ ደግሞ ቢያንስ 3 ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅና ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ይሥራ ይላል። ይህንኑ ለምራቴ ነገርኳት።

«እሱ ለፈረንጅ ነው» አለችኝ፣ ትራሴን እያስተካከለች።