ቁንጥጫ በብሉቱዝ

ከሩቅ ማውራት ከቻልን ቆይተናል። መተያየቱም ተችሏል። የቀረን ከሩቅ መነካካት ነበር፤ እሱም ተጀምሯል።

ኪዩትሰርኪት የተባለ ድርጅት የሠራውን የሚያቅፍ ሸሚዝ ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2006 ከዓመቱ ምርጥ ፈጠራዎች ተርታ አሰልፎታል። ላኪው የለበሰውን ሸሚዝ፣ ማለትም ራሱን፣ እቅፍ ያደርጋል። እቅፉ በስልክ በኩል ይሄድና ማዶ ያለው ሸሚዝ ይነዝራል። ራሱን አቅፎ የቆመ ሰው ብታዩ አትዘኑለት፤ መልእክት እየላከ ይሆናል።

በ2015 ደግሞ የአፕል ሰዓት መጣና የልብ ምት መላክ ተቻለ። ግን የልብ ምት ምኑ ይታመናል? በፍቅር ይፈጥናል። ደረጃ ሲወጣም ይፈጥናል። ሲዋሽማ አይነሳ!

እጅ ሌላ ነው። ኸርተንስታይን የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የማይተዋወቁ ሰዎችን በመጋረጃ ለያይተው ክንድ አስነኩ። ተነኪዎቹ ንዴትን፣ ፍርሃትን፣ ፍቅርን፣ ምስጋናን የመሳሰሉ ስሜቶችን ከ48 እስከ 83 በመቶ ለዩ። ሰዓቱ ግን የሚያውቀው ድዝዝ ማለት ነው። «ናፍቀኸኛል»ም ድዝዝ፣ «ባትሪህ እያለቀ ነው»ም ድዝዝ።

የእኔ ቅሬታ ወዲህ ነው። መሐንዲሶቹ ሁሉ እቅፍና ዳበሳ ላይ ተረባርበዋል። ኑሮን ቀጥ አድርጎ የያዘው ግን ቁንጥጫ ነው! ባልየው እንግዶች ፊት «ባለፈው እነ እንትና ቤት ስንሄድ...» ብሎ ሲጀምር፣ ያን ወሬ የሚያቆመው እቅፍ አይደለም። ከጠረጴዛ ሥር የሚሰነዘር እርግጫ ነው። ይህን የሚሠራ አምባር የት አለ? ሦስት ደረጃ ቢኖረው ይበቃል። አንደኛው «ቀስ በል»፣ ሁለተኛው «ዝም በል»፣ ሦስተኛው «ቤት እንገናኛለን»።

ችግሩ ተቀባዩ ነው። አንዳንዱ ሰው ዛሬም ሲረገጥ «ምነው? ለምን ትረግጪኛለሽ?» ብሎ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ነው። እሱ አምባር ቢያስሩለት እጁን አንስቶ ለእንግዶቹ ያሳያል። ሚስትየው ስልክ ላይ «ቁንጥጫዎ ደርሷል» የሚል ይመጣል። እሱ ወሬውን ቀጥሏል። «...እና የት ደረስኩ? አዎ፣ እነ እንትና ቤት!»