ኤሲው ሲበራ መስመሯ ትሸሻለች
ጋዝን በሌዘር ስለመለካት የቀረበው ጽሑፍ «ሌዘሩ አንዴ ከተስተካከለ የሞገድ ርዝመቱ አይነቃነቅም» ማለቱ ልክ አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በ1572 ናኖሜትር አካባቢ የሚለካ ዳዮድ ሌዘር (ከረንት ሲያልፍበት ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ ቺፕ) ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር 0.1 ናኖሜትር ገደማ ይሸሻል። ጋዙ ብርሃን የሚውጥበት ጠባብ የሞገድ ርዝመት ክልል፣ ማለትም «መስመሩ»፣ ስፋቱ ከዚህ ሽሽት እንኳ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጨረሩ መስመሩን ስቶ ያልፋል፣ መሣሪያው ደግሞ ጋዙ የቀነሰ ያስመስላል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ኤሲው በበራ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለችው ጎድጓዳ መስመር ወደ ጎን ስትንሸራተት ስንቴ አብግናኛለች! ከላይ በአስተያየትህ «ሌዘሩ ማቀዝቀዣ ከተገጠመለት ይበቃል» ያልከው ወንድሜ፣ ግማሹን ነው የነገርከን። ዳዮዱ ሲያረጅ ሙቀቱ ሳይለወጥም ይንሸራተታል። ከጨረሩ ትንሽ ቀንሶ ያንኑ ጋዝ በያዘ የታሸገ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ፣ መስመሩን መሳት ሲጀምር ከረንቱን ነካ አድርጎ መመለስ ያስፈልጋል፤ ያውም ሳያቋርጡ።