ጣት መከተል የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም

ሰሞኑን ራሱን ተመቶ የወደቀን ተጫዋች ከደቂቃዎች በኋላ ወደ ሜዳ የመለሱት የቡድን ሐኪም ለቀረበባቸው ወቀሳ የሰጡት መልስ አስቆጥቶኛል። ተጫዋቹ የሚንቀሳቀስ ጣታቸውን በዓይኑ ስለተከተለ፣ በማግሥቱ የተነሣው ሲቲ ስካንም ምንም ስላላሳየ ውሳኔያቸው ትክክል ነበር ባይ ናቸው።

በሲቲ ስካኑ ልጀምር። ይህ ምርመራ የደም መፍሰስንና የራስ ቅል ስብራትን ያሳያል፤ መለስተኛ በሚባለው የአንጎል ጉዳት ግን ችግሩ ያለው አንጎል በድንገት ሲናወጥ በሚለጠጡት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ላይ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምስሉ ጤናማ መስሎ ይወጣል። የሐኪሙ ክርክር ግድግዳው ስላልተሰነጠቀ በውስጡ ያለው የመብራት ሽቦ ደኅና ነው ከማለት አይለይም።

የጣቱ ነገር ደግሞ ይብሳል። ሬቲና በሚባለው፣ ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን ላይ አጥርቶ የሚያየው ክፍል እጅግ ጠባብ በመሆኑ፣ ዓይን የሚንቀሳቀስን ነገር በዚያች ስፍራ ላይ ለማቆየት አብሮት መጓዝ አለበት። ነገሩ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ዓይን ለመነሣት 100 ሚሊሰከንድ ወይም ትንሽ የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድበት፣ አንጎል ያየውን ብቻ ቢከተል ኖሮ ሁልጊዜ ወደ ኋላ በቀረ ነበር። ይህ የማይሆነው አንጎል ነገሩ ቀጥሎ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ስለሚገምት ነው። ለዚህ ግምት የኋለኛው የአንጎል ክፍል፣ የፊተኛው፣ ትንሹ አንጎልና የአንጎል ግንድ መልእክት ይለዋወጣሉ፤ መልእክቱም የሚያልፈው የአንጎል መናወጥ በሚያውካቸው በእነዚያው ረጃጅም ክሮች ነው። ስለዚህ የተጎዳ ሰው መከተሉን አያቆምም፤ የሚታወከው የጊዜ ስሌቱ ነው። ዓይኑ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል፣ የቀረውን ርቀትም በትንንሽ ዝላዮች ይሞላል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በክብ የሚዞር ነጥብ ለአፍታ እንዲሰወር በማድረግ፣ መለስተኛ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ይህ የመገመት ችሎታቸው መታወኩን አሳይቷል። ነጥቡ በተሰወረባት በዚያች ቅጽበት ዓይንን የሚመራው ግምት ብቻ ነውና። እንግዲህ በዝግታ ከወዲያ ወዲህ የሚመላለስ፣ ከቶ የማይሰወር፣ ፍጥነቱ ያልተለካ ጣት ከዚህ ሁሉ የትኛውን ይፈትናል? በሚሊሰከንድ የሚቆጠረውን መዛባትስ ያለ ካሜራ በሜዳ ዳር ቆሞ ማን ያያል?

በ2014 እ.ኤ.አ. የቀረበው የእይታና የሚዛን ፈተና እንኳ ዓይን ተከተለ ብሎ አያበቃም፤ ተመርማሪው ከክትትሉ በኋላ የተሰማውን ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የአእምሮ መደንዘዝ ከ0 እስከ 10 እንዲመዝን ይጠየቃል። ሐኪሙ ይህን ጠይቀው ከሆነ በመልሳቸው አላነሡትም።

ድካም፣ አልኮልና ማስታገሻ መድኃኒትም የዓይንን ክትትል እንደሚያውኩ አልክድም፤ ካሜራም ብቻውን ፈራጅ ሊሆን አይችልም። ይህ ግን ካሜራን በጥንቃቄ እንድንጠቀም ያስገድድ ይሆናል እንጂ ጣትን አያጸድቅም። በስፖርት የአንጎል መናወጥ ላይ የሚወጡት ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች የጋራ መግለጫዎች ጉዳቱ የደረሰበት ተጫዋች በዚያው ቀን እንዳይመለስ ያዝዛሉ። ሐኪሙ በደቂቃዎች ውስጥ ጉዳት የለም ብለው ለመፍረድ ከጣታቸው ሌላ ምን መለኪያ እንደነበራቸው ይንገሩን።