«ዱቄትና ውሃ እኮ ነው» ለምትሉኝ ሁሉ

አቦ ዛሬስ ልናገር። ስለ ጨርቅ ማጣበቂያ ነው። የማይመለከተው ይለፈኝ።

ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ የምንሰፋ ሰዎች ጣጣችን ስፌቱ አይደለም። ከስፌቱ በፊት ያለው ነው። ላይ የተቀጣጠለው ጨርቅ፣ መሀል ፋይበር ወይ ጥጥ፣ ታች ገበር። ሦስቱ ሳይንሸራተቱ አንድ ላይ መያዝ አለባቸው። ሳይያዙ ማሽን ላይ ከወጡ ገበሩ ይጨማደዳል፣ ፋይበሩ አንድ ጥግ ይሰበሰባል። ልፋትሽ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

እናቶቻችን በሽልል ነበር የሚይዙት። ከመሀል ወደ ዳር፣ በእጅ፣ ረጃጅም ስፌት። በኋላ ይተረተራል። ወገብ ይቆርጣል፤ ግን አያሳፍርም። በመርፌ ቁልፍ መያዝም አለ። ሜትር ከሃምሳ አልጋ ልብስ ግን መርፌ ቁልፍ አይጠግብም። ማሽኑን እያቆሙ አንድ በአንድ ማውጣቱም ሌላ ሥራ ነው። ውጭ ያሉት ደግሞ በጣሳ የሚሸጥ የሚረጭ ማጣበቂያ አላቸው። ትረጪያለሽ፣ ታነጥፊያለሽ፤ ከተጣመመ አንስተሽ መልሰሽ ታነጥፊያለሽ። እኔ ድሬ ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም። «ዘመድ ያምጣልሽ» የሚል አይጠፋም። ወገን፣ ጣሳው ውስጥ ገፍቶ የሚያስወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው! አውሮፕላን ላይ በሻንጣም በእጅም አይፈቀድም። እሺ መጣ እንበል። ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት እንዳይነካው ተብሎ የተጻፈበትን ነገር፣ በግንቦት፣ በድሬ ቆርቆሮ ሥር የት አባቴ አስቀምጠዋለሁ?

ስለዚህ የቀረን ቤት የሚሠራው ነው። ብሶቴም እሱ ነው።

«አንቺ፣ ዱቄትና ውሃ እኮ ነው! ምን ያስጨንቅሻል?» ያላለኝ ሰው የለም። ከዚያ ቪዲዮ ይልኩልኛል። ሴትየዋ ሹራብ ለብሳለች። ቧንቧውን ስትከፍተው ውሃ ይመጣል። ጠረጴዛዋ የእኔን ሳሎን ያክላል። ፈገግ ብላ ታማስላለች።

አሠራሩ እውነትም ከባድ አይደለም። እኔ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በሁለት ኩባያ ውሃ አደርጋለሁ። በስንዴ ዱቄትም ይሆናል፤ የስንዴው ግን ይጓጉላል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። ከዚያ እሳት ላይ ነው፤ ቀጠን ያለ ሙቅ እስኪመስል ይማሰላል። ይህን አትዝለሉ። ያልበሰለ ስታርች ሥር ይዘቅጣል እንጂ አይዝም። የሚወፍረውና የሚያጣብቀው ሙቀቱ ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። በስስ ጨርቅ ይጠለላል፣ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል ጠብ ይደረግበታል፤ ቶሎ እንዲደርቅና ቶሎ እንዳይበላሽ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ከዚያ መርጫ ጠርሙስ ውስጥ ታስገቢዋለሽ።

አቦ የመርጫ ነገር! ድሬ ያልዞርኩት ገበያ የለም፤ ከታይዋን ገዝቻለሁ። ከቀፊራ ገዝቻለሁ። ከአሸዋ ገዝቻለሁ። ባለ ሱቁ ፊቴ ውሃ ሞልቶ ይሞክረዋል። እንዴት ያምራል! ስስ ጭጋግ ነው የሚያወጣው። ቤት ወስጄ ማጣበቂያውን ሳደርግበት ጥቂት ይሠራና ያንቀዋል። በመርፌ ቀዳዳውን እከፍታለሁ። ቀዳዳው ይሰፋል። ከዚያ በኋላ መርጨቱን ትቶ መትፋት ይጀምራል። በዚያ ላይ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ሥር ነጭ ድንጋይ የሚጋግር ውሃ ነው። ያው ድንጋይ መርጫው አፍ ላይም ይቀመጣል።

«ምን አለበት ትንሽ ቢተፋ?» አትበሉኝ። የተተፋው ቦታ ይረጥባል፣ ሲደርቅ ቅርፊት ይሆናል። መርፌው እዚያ ሲደርስ ክር ይበጥሳል። ጥቁር ጨርቅ ከሆነማ ነጭ ምልክቱ ከላይ ይታያል። ጠርሙሱን ይዤ ተመለስኩ። ባለ ሱቁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ፣ ይሄ እኮ የፀጉር ነው።» ስትሸጥልኝ ምነው አልነገርከኝ? «አልጠየቅሽኝማ!»

በብሩሽ ቀቢው የሚሉኝም አሉ። ብሩሽ ፋይበሩን እየነጨ ነው የሚሄደው። ሞክሩትና ንገሩኝ።

ሙቀቱ ደግሞ አለ። ቪዲዮ ላይ «ሳትቸኩሉ በእጃችሁ እያለሳለሳችሁ አንጥፉ» ይላሉ። ሳትቸኩሉ! እዚህ አንዱን ጫፍ ረጭቼ ሌላው ጋ ስደርስ የመጀመሪያው ደርቋል። ከጨርቅ ጋር ሳይገናኝ የደረቀ ስታርች ደግሞ እንደገና ካልራሰ ምንም አይዝም። ቬንትሌተር ልክፈት? ጨርቁን ያገላብጠዋል፣ ማድረቁንም ያፋጥነዋል። ልዝጋው? ላቤ ሥራው ላይ ይንጠባጠባል። ግቢ ላውጣው? አቧራ። የቀረኝ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሳሎን ሊሾው ላይ ተንበርክኮ መሥራት ነው። ቀስ እያሉ መጠቅለልና እየዘረጉ ትንሽ ትንሽ መርጨት ይረዳል፣ እውነት ነው። ከዚያ በካውያ ይደርቃል። መብራት ካለ።

የተረፈው ማጣበቂያ አያድርም። ጠዋት የተሠራ ማታ ይኮመጥጣል፣ አልኮልም ቢኖረው። ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ቤተሰቡ አጥሚት ይመስለዋል። ወንድሜ ብርጭቆ ይዞ ደርሼበታለሁ። አሁን ጆጉ ላይ «አይጠጣም» ብዬ ጽፌአለሁ። የሚያነብ ካለ።

የጨርቁን ነገር ልዝለለው ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ስታርች የሚወደው ጥጥ ነው። የእኛ አገር ቁርጥራጭ ግን ምንድን ነው? ድሪያ ነው፣ ሽፎን ነው፣ ከፖሊስተር የተደባለቀ ሽቲ ነው። ሐረር፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ያሉ ልብስ ሰፊዎች በማዳበሪያ ሞልተው ይሰጡኛል፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ቀለሙ ነፍስ ያድሳል። ከዚያ ውስጥ ንጹሕ ጥጡን መልቀም ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ፖሊስተሩ ውሃውን አይጠጣም፤ ማጣበቂያው ላዩ ላይ ይንሳፈፍና ሲደርቅ ተላቆ ይነሳል። ድሪያው ደግሞ ስስ ነው፤ ያሳልፈዋል።

ሲሰፋ አላለቀም። ስታርች ምግብ ነው። ሳይታጠብ ከተቀመጠ ጉንዳንና በረሮ ይጠራል። ስለዚህ ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት የግድ መታጠብ አለበት። ውሃ በወረፋ በሚመጣበት ሰፈር! ሜትር ከሃምሳ የአልጋ ልብስ፣ ፋይበሩ ውሃ ጠጥቶ፣ ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው። ገመዱ ከቻለው እሰየው።

ይህን ሁሉ ጨርሼ ደንበኛዬ መጣች። አየችው፣ ወደደችው፣ አገላበጠችው። «በምንድን ነው የያዝሽው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ውይ፣ በዱቄት ነው እንዴ? በይ እንግዲህ ቀንሺልኛ!»

ቀንሺልኛ! የማበስልበት ጋዝስ? አልኮሉስ? መርጫውስ? ማለዳ የተንበረከከው ጉልበትስ? የጣሳው ቢሆን አትከራከረኝም ነበር። ጣሳው ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ ስላለ ዋጋውን አምና ትከፍላለች፤ እኔ ያማሰልኩት ግን ነጻ ነው። ሳንቲም አልቀነስኩላትም። ተኮሳትራ ከፍላ ሄደች።

ለትንሽ ነገር ግን አልጠላውም፣ ሐቁን ልናገር። ለትራስ ልብስ፣ ለድስት መያዣ፣ ለሕፃን መጠቅለያ ግሩም ነው፤ ሳይደርቅ ታነጥፊዋለሽ፣ መርጫውም ሳያንቀው ትጨርሻለሽ። ለትልቁ ወደ ሽልል ተመልሻለሁ። የጎረቤት ልጆች ቡና እየጠጣን ያግዙኛል።

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ወፈር ያለ ነገር ሳያንቀው ጭጋግ አድርጎ የሚረጭ መርጫ ያየ ሰው፣ ድሬም ይሁን ሐረር፣ ሱቁን ይጠቁመኝ። ዋጋው ችግር የለም። ቪዲዮ ግን አትላኩልኝ።