የሳይኮሎጂ አሳይመንት ቤት ውስጥ የሚሰራ ይሁንልን

በርቀት ከሚሰጡት ኮርሶች ውስጥ ጄነራል ሳይኮሎጂን ያህል ለቤት የተመቸ የለም ብዬ ነው የማምነው። ኬሚስትሪ ላብ ይፈልጋል፣ አካውንቲንግም ቢሆን አጠገብህ ሆኖ እዚች ጋ ተሳስተሃል የሚልህ ሰው ካላገኘህ አንድ ጥያቄ ላይ ስትዳክር ታመሻለህ። ሳይኮሎጂ ግን የሚያጠናው ሰውን ነው፣ ሰው ደግሞ ቤት ሙሉ አለ። ልጅ አለ፣ አያት አለች፣ ኩርፊያ አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ ራስህም አለህ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄን ሁሉ ትተን ኮርሱን የትርጉም ሽምደዳ ማድረጋችን ነው።

አሳይመንቱን እዩት እስቲ። ሳይኮሎጂ ማለት ምን ማለት ነው፣ የሳይኮሎጂን ግቦች ዘርዝር፣ የክላሲካል እና የኦፐራንት ኮንዲሽኒንግን (በማዛመድ የሚመጣ እና በሽልማት ወይ በቅጣት የሚመጣ መማርን) ልዩነት አብራራ። መልሱ ሞጁሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፣ ስለዚህ ተማሪው ከስራ ደክሞት ገብቶ፣ ልጅ አስተኝቶ፣ ከሞጁሉ ወደ ወረቀት ይገለብጣል፣ ካልሆነም ያለፈው ባች የሰራውን ከቴሌግራም ያወርዳል፣ ወይ ደግሞ ብር ከፍሎ ያሰራል። ይሄን ተማሪውም ያውቃል፣ ተቋሙም ያውቃል፣ አንድ አይነት የእጅ ጽሁፍ በተለያየ ስም ሲመጣለት ቲቶሩም ያውቃል። እኔ ተማሪውን አልወቅስም። ቀኑን ሙሉ ባንክ መስኮት ላይ ወይ ክሊኒክ ውስጥ የዋለ ሰው ማታ የሚገለበጥ ነገር ከሰጠኸው ይገለብጣል፣ በቃ።

የሚገርመው እዛው ሞጁል ውስጥ ሜሞሪ የሚለው ምዕራፍ ላይ ይሄ አይነት ጥናት እንደማያዋጣ ተጽፏል። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመውን ስራ ሲሰራ ከራሱ ውጪ ሌላ ተሳታፊ አልነበረውም። ትርጉም የሌላቸውን ድምጾች በተርታ በተርታ እየጻፈ ይሸመድዳል፣ ከዛ ጊዜ አሳልፎ ድጋሚ ያጠናቸውና ከመጀመሪያው ድካም ምን ያህሉ እንደተረፈለት ያሰላል። ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 በመቶ ገደማ ተረፈለት፣ ባንድ ቀን 34 በመቶ፣ ባንድ ወር 21 በመቶ። ትልቁ ውድቀት መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከዛ በኋላ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ብቻውን ተቀምጦ ራሱን እየፈተነ የሚያጠና ሰው ነበር እኮ፣ ከርቀት ተማሪ በምን ይለያል? ተማሪው ግን የሚጠየቀው ኤቢንግሃውስ ማን ነው ተብሎ እንጂ አንተም ሞክረው ተብሎ አይደለም።

ሌላም አለ። ሮዲገር እና ካርፒኪ የሚባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች አንድ ጽሁፍ ካነበቡ በኋላ ገሚሱ ድጋሚ እንዲያነበው፣ ገሚሱ ደግሞ ሳያይ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ድጋሚ ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶውን ሲያስታውሱ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን ብቻ ነው። ይሄን ለርቀት ተማሪ ገና ሲመዘገብ ሊነግሩት ይገባል፣ ምክንያቱም ክላስ ውስጥ ኩዊዝ የሚሰጠው አስተማሪ የለውም፣ ራሱን በራሱ ካልጠየቀ የሚጠይቀው የለም። እኔ በተማርኩበት ቦታ ቲቶሪያል የሚባለው ፋይናል ሲደርስ ቅዳሜና እሁድ ተጠርተን የሴሚስተሩን ሞጁል ባንዴ የምንጨርስበት ነበር፣ ቲቶሩ እያነበበ ይቺን አስምሩባት ይላል፣ እናሰምራለን። ያንኑ ሰዓት ከፋፍሎ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢሰጡት ምንም ተጨማሪ ወጪ አልነበረውም።

አሁን ቤት ውስጥ ስለሚሰራው ነገር ልናገር። የስዊዘርላንዱ ሳይኮሎጂስት ዣን ፒያዤ ስለ ጨቅላ ህጻናት አስተሳሰብ የጻፈው የራሱን ሦስት ልጆች ቤቱ ውስጥ እየተከታተለ ነው። የሱን የውሃ ሙከራ ከእህቴ ልጅ ጋር ሰርቼዋለሁ፣ 5 አመቷ ነው። ሁለት አንድ አይነት የሻይ ብርጭቆ ላይ ውሃ ቀዳሁ፣ ጎንበስ ብላ በአይኗ ለክታ እኩል ናቸው አለች። አንደኛውን ቀጠን ረዘም ወዳለ ብርጭቆ ስገለብጠው ወዲያው ይሄ ይበልጣል። መልሼ ሻይ ብርጭቆው ላይ ሳደርገው እኩል፣ ረዥሙ ላይ ስመልሰው አሁንም ይበልጣል። 9 አመት የሆነው ወንድሟ ያው እኮ ነው ምንም አልጨመረችበትም እያለ ይከራከራታል፣ እሷ ውሃው የደረሰበትን በጣቷ እያሳየች አይ ብላ ድርቅ አለች። ፒያዤ ፕሪኦፐሬሽናል ብሎ ከ2 እስከ 7 አመት የመደበው፣ ልጁ ቅርጽ ሲቀየር መጠኑ እንደማይቀየር ገና የማይገባው ጊዜ እንግዲህ እሱ ነው፣ ከዛ ወዲህ ያቺን ቃል ለመሸምደድ ሞጁል መግለጥ አላስፈለገኝም።

ደግሞ ነገሩ ከሽምደዳ ማለፍ ብቻ አይደለም። የፒያዤ እድሜዎች የስዊዘርላንድ ልጆች ላይ የታዩ ናቸው። አሜሪካዊቷ ሳይኮሎጂስት ፓትሪሺያ ግሪንፊልድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሴኔጋል ሄዳ ትምህርት ቤት ያልገቡ የወሎፍ ልጆችን ስትፈትን አንዳንዶቹ ውሃው የበዛው አንቺ ስለገለበጥሽው ነው አይነት መልስ ሰጧት፣ ራሳቸው እንዲገለብጡት ስታደርግ ግን ትክክል የሚመልሱት በጣም ጨመሩ። ማን እንደቀዳው እንኳን ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። እኛ አገርስ? ጂንካ ያለች ልጅና ቦሌ ያለች ልጅ፣ ከብት የሚያግድና ኬጂ የሚማር ልጅ አንድ አይነት ይመልሳሉ? ይሄን ግቢ ውስጥ የሚኖር የሬጉላር ተማሪ አያገኘውም፣ የርቀት ተማሪ ግን በየወረዳው ተበትኖ ነው ያለው፣ የሚጠይቀው አጣ እንጂ መልሱ እጁ ላይ ነው።

በርግጥ ህግ ያስፈልገዋል። የልጁ ወላጅ ይፍቀድ፣ ስም አይጻፍ፣ ማንም እንዲፈራ ወይ እንዲያፍር አይደረግ። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1920 አልበርት የሚሉትን ጨቅላ ነጭ አይጥ እንዲፈራ አድርጎ ፍርሃቱን ሳያስለቅቀው ቀረ፣ ይሄ ታሪክ ሞጁሉ ላይ ሲጻፍ ልክ እንዳልነበረም አብሮ መጻፍ አለበት። ስለ አእምሮ ህመም ያለውን ምዕራፍ ደግሞ ማንም ቤተሰቡ ላይ አይሞክረው። ሁለት ገጽ አንብባ ባለቤቷን ባይፖላር ነህ የምትል፣ አማቱን ዲፕረሽን አለባት የሚል ሰው አጋጥሞኛል፣ ክላስ ቢሆን አስተማሪው እዛው ያርመዋል፣ ቤት ውስጥ ግን የሚያርም የለም፣ የሚጎዳውም ስም የተለጠፈበት ሰው ነው። የከበደውን ሰው ወደ ሀኪም መሸኘት እንጂ ቤት ውስጥ ስም ማውጣት የመግቢያ ኮርስ ተማሪ ስራ አይደለም።

ቲቶሮች ይሄን ሁሉ ማን ያርመዋል እንደሚሉ አውቃለሁ፣ አንድ ሰው ላይ ስንት ተማሪ እንደሚጫንም አይቻለሁ። ግን አስር ገጽ ግልባጭ ከማገላበጥ አንድ ገጽ የራስ ምልከታ ማንበብ ይቀላል፣ ምን አደረግክ፣ ምን አየህ፣ ሞጁሉ ካለው ጋር የት ተለያየ፣ ይኸው ነው። ሁለት አሳይመንት ካለ አንዱ እንደድሮው ይቆይ፣ ሌላኛውን ከሚቀጥለው ባች ጀምሮ እንዲህ አድርጉትና ተማሪው ምን ይዞ እንደሚመጣ እዩ።